የዳክዬዋ ተራ

ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ የመጨረሻዋ ትንሽ ቀይ ጠላቂ ዳክዬ እንደ ጽዋ በየቤቱ ትዞራለች። በዚህ ወር ተራው የወይዘሮ ብርነሽ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ የቤቱ የውሃ ራሽን ለዳክዬዋ ገንዳ ይገባል፣ ቤተሰቡ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፣ ገንዳው ውስጥ ጣቱን የነከረ ከማኅበር ይባረራል።

ብርነሽ ወሩን ሙሉ እንደ አራስ ስትንከባከባት ከረመች። ዛሬ ማኅበርተኛው ሊረከብ መጥቶ ገንዳውን ከቦ ተቀምጧል። የዳክዬዋ ጤንነት የሚታወቀው ስትጠልቅ ነውና ሁሉም ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል።

ጠለቀች። ቆየች። አሁንም ቆየች።

"ወይኔ፣ በእኔ ተራ!" አለች ብርነሽ።

ዳክዬዋ ብቅ አለች፤ በምንቃሯ ጥቁር የአንገት ማተብ ከነእንጨት መስቀሉ አንጠልጥላ።

ብርነሽ አወቀችው። ባሏ ዘርጋው ባለፈው ሳምንት "ገበያ መሃል ተበጥሶ ጠፋ" ብሎ ምሎላት ነበር። ዞር ብላ አየችው፤ ለካ ከዚያ ሁሉ ሰው አንገቱ ከእድፍ የጠራው እሱ ብቻ ነው!

"አንተ የጉድ ሙዳይ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!"

የማኅበሩ ሙሴና መሪ፣ ሽማግሌው አቶ እንግዳወርቅ፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሊያባርሩት ነው ሲባል ወደ ዘርጋው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

"እስከ አንገትህ ገባህ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እስኪ ምን እንደሚመስል ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ እኔስ ረስቼዋለሁ።"

ማኅበርተኛው ሁሉ ወንበሩን ጠጋ ጠጋ አደረገ።