የዶክተሩ የመስክ ጥናት

ጫካው ለሻይ ልማት እንዳይሰጥ የቀረው ተስፋ አንድ ዶክተር ብቻ ነበር። ዶክተሩ ከአፈር ሥር ስለሚኖረው እግር አልባ የእንቁራሪት ዘመድ ሃያ ዓመት ሙሉ በስላይድ ያስተማረ ሊቅ ነው። እንስሳው ከተገኘ ጫካው ይተርፋል፤ ካልተገኘ ይመነጠራል።

ሊቁ ጥናቱን ሦስት ቀን ሙሉ ከመኪናው ሳይወርድ በትጋት አካሄደ። ዝናቡና ጭቃው አልተመቹትማ! መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ግን ለአካባቢው ገበሬዎች ገለጻ ሰጠ።

«እባብ እየመሰላችሁ ትፈጁታላችሁ! አይናደፍ፣ መርዝ የለው! ምን ዓይነት ጨለማ ውስጥ ነው የምትኖሩት?»

በአራተኛው ቀን ከጫካው ዳር የሚኖሩት ወይዘሮ አስካለች፣ ጎደሬ ሲቆፍሩ ያገኙትን እንስሳ በእርጥብ አፈር አልብሰው፣ ክዳን ባለው ቅርጫት ይዘው መጡ።

«ዶክተር፣ ይኸው የሚፈልጓት። ልጆቿን ታቅፋ ነው ያገኘኋት፤ ቀስ ብለው ይያዟት» አሉና በመስኮቱ አቀበሉት።

ዶክተሩ ክዳኑን ከፈተ።

«እባብ! እባብ!»

ቅርጫቱን ወርውሮ ከመኪናው ዘለለና እናቲቱን ከነልጆቿ ረጋግጦ ጨረሳቸው። ወይዘሮ አስካለች ክንዱን ይዘው «ኧረ በማርያም! እሷ እኮ ነች!» ቢሉትም አልሰማቸውም።

ከዚያ ላቡን ጠርጎ የጥናቱን ውጤት የሚሞላበትን ቅጽ አወጣ። «እንስሳው በአካባቢው አልተገኘም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከፊርማው ሥር የባለሙያ ምክር አከለበት፦ «ቦታው እባብ ስለሚበዛበት በአስቸኳይ ቢመነጠር።»