ሦስት ሳጥን ካርባይድ

ጋሽ ዓብዱ ከሚሴ ከተማ፣ የደሴ መንገድ ዳር የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ከከፈቱ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከዓይናቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ አታመልጥም። ደረሰኝና ወረቀት ግን አይወዱም፤ «ብረት የነካ እጅ ወረቀት ያበላሻል» እያሉ ለሳሚያ ያቀብሏታል።

ሳሚያ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ እሳቸው ዘንድ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ለደንበኛ ሁሉ «ልጄ ናት» ይሏታል፤ ልጃቸው አይደለችም።

ጣጣው የመጣው ከአዲሶቹ ካርባይዶች ጋር ነው። ዘንግ ላይ ጥርስ የምታወጣው የካርባይድ ስለት ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም፤ እንደ ብረቱ ዓይነት ግን መመረጥ አለባት። ለተራ ብረት አንድ ዓይነት፣ ለአይዝጌ ብረት ሌላ፣ ቀልጦ ለተቀዳው ብረት ለጊዛ ደግሞ ሌላ ነው። የድሮዎቹ ቅባቸው ይለያይ ነበር፤ ወርቃማ፣ ጥቁርና ግራጫ። አሁን ከአዲስ አበባ የመጡት ሦስት ሳጥኖች ክዳናቸው ላይ ካለው ጽሑፍ በቀር አንድ ናቸው፤ ውስጣቸውም ሁሉም ወርቃማ ነው። አንድ ተንኮለኛ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ቢያዘዋውራቸው ማንም አያውቅም።

በሁለት ሳምንት አምስት ስለት ተሰበረ። አምስተኛዋ የተሰበረችው በካሚል የውሃ ፓምፕ ዘንግ ላይ ነው። ካሚል ከጨፋ ሮቢት የመጣ ሽንኩርት አምራች ነው።

«ሽንኩርቴ እየደረቀ እኮ ነው፣ ጋሽ ዓብዱ» አለ፣ የተቦጫጨቀውን ጥርስ እየዳሰሰ።

«አብሽር፣ ሌላ እሠራልሃለሁ።»

«ወላሂ እርስዎ እንዲህ አይሠሩም ነበር። ሳጥኑን ማን ነው የሚነካው?»

«እኔና ሳሚያ ነን።»

ካሚል ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሣህሌ ማዶ አዲስ ቶርኖ ቤት ከፍቷል። ልጅቱን ሁለቴ አናግሯታል አሉ።»

ጋሽ ዓብዱ በማግስቱ ካሚልን ይዘው ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ። ሳሚያ ሦስቱንም ሳጥኖች ከፍታ ተቀምጣለች። በእጇ የጥፍር ቀለም ይዛለች፤ ክዳኖቹ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ነጥብ አድርጋባቸዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ካሚልን አየችውና አንገቷን ደፋች። «ምንም ጋሼ። በኋላ ለብቻዎ ልንገርዎት።»

«ለብቻ የሚነገረኝ ነገር የለም። እዚሁ ተናገሪ።»

ሳሚያ የቀለሙን ብልቃጥ ከደነች። እንባዋ መጣ። እንዲህ በእፍረት የተሸማቀቀ ሰው ምን እንደሠራ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም ነበር።

«ሂጂልኝ» አሏት። ቱታዋን አውልቃ፣ አጣጥፋ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ጋሽ ዓብዱ ቀለሙን በቤንዚን ጠረጉት። በዚያው ሳምንት ሌላ ሁለት ስለት ተሰበረ። «ቀላቅላቸው ነው የሄደችው» አሉ። ካሚል ዘንጉን ይዞ ሣህሌ ጋ ሄደ። ልጄ ያሉትን ሰው በሰው ፊት ማባረር ያሳፍራል፤ ጋሽ ዓብዱ አፈሩ። መስጊድ ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ላይ መቆም ትተው ኋላ ዓምዱ ሥር መቆም ጀመሩ።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታቸው አሻ፣ ሻይ የምታፈላው፣ የታጠፈ ወረቀት አመጣችላቸው።

«ሳሚያ ናት የሰጠችኝ። ምን ትላለች?»

ጋሽ ዓብዱ ዘረጉት። በአማርኛ የተጻፈ፣ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነው። ረጅም ጊዜ አዩትና አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ይቅርታ ነው የምትለው።»

«አምናለች ማለት ነዋ?»

«አዎ፣ አምናለች።»

ወሬው እስከ ማታ ከተማውን አዳረሰ። ሣህሌም ሊቀጥራት የነበረውን ሐሳብ ተወው፤ የሌላውን ሳጥን የቀላቀለች የእሱንም እንደማትምር ተናገረ። እናቷ ገበያ መውጣት አቆሙ። ሳሚያ ባቲ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ዕቃዋን እያሰናዳች ነው ተባለ።

ጋሽ ዓብዱ ይህን ሲሰሙ ማሽኑን አጠፉት። ለሦስት ቀን አልከፈቱም። ወረቀቱን እያወጡ ያዩታል፤ መልሰው ያጥፉታል። ሚስታቸው ሰዒዳ «አሞዎት ነው?» ብትላቸው «አፍሬ ነው» አሏት፤ በማን እንዳፈሩ ግን አልነገሯትም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሳሚያን ቤት አንኳኩ። በሩን ራሷ ከፈተች። የታሰረ ሻንጣ ከኋላዋ ይታያል። ሰላምታዋን እንኳ ሳይጠብቁ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

«እኔው የጻፍኩት እኮ ነው ጋሼ» አለች ግራ ገብቷት።

«አውቃለሁ፤ አንብቢልኝ» አሏት።