የሶላሩ ሻርፕ

የሶላር ባለሙያው መሰላሉን ዝቅ ካለው የማድ ቤት ጣሪያ ላይ አስደግፎ ሲወጣ፣ ሶላሩን በአረንጓዴ ሻርፕ ተሸፍኖ አገኘው። ድርብ ተደርጎ አራቱም ጫፍ በልጥ ታስሯል።

«እማማ ዘሀራ፣ ይኸን ማን ነው የሸፈነው?»

«እኔው ነኝ፣ የኔ ጌታ። የቀትሩ ፀሐይ ከረር ሲልበት አሳዘነኝ።» አሮጊቷ ከታች መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘውለታል። «ግማሹን መንግሥት ደጎመን፣ ግማሹን ልጄ ከጅዳ ላከች። ታዲያ የትኛው ይቃጠል ልበል?»

ባለሙያው ሊስቅ ብሎ ተወው። ስልካቸው ባትሪው አልቆ ከጠፋ አምስት ቀኑ ነው፤ «ሶላሩ አልሠራ አለኝ» ብለው መካነ ሰላም ድረስ በእግራቸው ሄደው የጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ፀሐይ እኮ ምግቡ ነው፣ እማማ» አላቸውና ልጡን ፈትቶ ሻርፑን ወደ ታች ለቀቀላቸው። ተቀብለው አቧራውን በቀስታ አራገፉ። ልጃቸው ስትሄድ ከትከሻዋ አውልቃ የሰጠቻቸው ነበር።

ሶላሩ ላይ የተሰካው ስልካቸው ጥቂት ቆይቶ በራ፤ ወዲያውም ጮኸ።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው? አምስት ቀን ሙሉ እኮ ደወልኩ!»

«ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» ሻርፑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። «ሶላሩስ ፀሐይ ይወዳል አሉኝ፣ ልጄ። አንቺ ግን ተሸፈኝ፤ አደራ።»