የውሰት ዓይን

ወይዘሮ ስንዱ ከቀጠሮ ሰዓት ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው፤ ባለቤታቸው አቶ መንገሻ ደግሞ ሐኪም ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። በዘመናቸው ግን ምርመራው ቤት ድረስ መጥቷል፤ የየቤቱ በር ጠዋት የሚወጣውን ሰው ስም ሰምቶ ዓይኑን ሳይመረምር አይከፈትም፤ ሕመም ካገኘም ጠብታ ሳይደረግ አያስወጣም። አቶ መንገሻ የዳማ ጨዋታ እንዳይረፍድባቸው ብልሃት አገኙ። ስማቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፣ ዓይኑን ግን ስንዱ በሩ ፊት ቆመው ያውሷቸዋል።

«አቶ መንገሻ፣ ዓይንዎ የወጣት ዓይን ነው» ይላል በሩ። እሳቸውም ይህንኑ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሉ።

እሁድ ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ፣ ልጃቸው ትርሲት ማስታጠቢያውን ይዛ በግራቸው በኩል ቆመች።

«ዛሬ እጅ የሚያስታጥብ ጠፋ?» አሉ አቶ መንገሻ ፊት ለፊት እያዩ።

«አባባ፣ አጠገብህ ቆሜ እኮ ነው።»

«ታዲያ እንደ ድመት ድምፅሽን አጥፍተሽ አትምጪ።»

ሁሉም ሲስቅ ስንዱ አልሳቁም። ማንኪያ አንስተው ከባላቸው ጆሮ አጠገብ ቀስ እያሉ ወደ ፊት አመጡት። አቶ መንገሻ ማንኪያውን ያዩት አፍንጫቸው ፊት ሲደርስ ነው።

«ልታጎርሺኝ ነው እንዴ?» አሉ።

ስንዱ ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ልጆች፣ ስሙኝ። በየጠዋቱ የሚመሰገነው የእኔ ዓይን ነው። የአባታችሁ ግን እንደ እናቴ ዓይን ከጎን ጀምሮ እየጠፋ ነው፤ ግላኮማ ሳይሆን አይቀርም። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታ ያቆየው ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ዓይኔን አላውስም። በሩ አላስወጣም ካለው ዳማውን ከእኔ ጋር ይጫወት፤ እኔ ደግሞ አላሸንፈውም ብዬ ቃል አልገባም።»