የሚችልልህ ማን ነው?

ግንበኛው ከፎቅ ወድቆ ሽባ ቢሆንም የጉዳት አበል ተከለከለና ይግባኝ አለ። ለጠበቃውም፣ ለሐኪም ማስረጃውም፣ ለኮንትራት ታክሲውም የምትከፍለው የስፌት መኪናዋን የሸጠችው ታናሽ እህቱ ዘርፌ ናት። ከወገቡ ስብራት ይልቅ እሱን የሚቆረጥመው ይኸው ነበር፤ አዝሎ ያሳደጋትን ልጅ ጧሪው ሆና ማየት።

ይግባኝ ሰሚዎቹ ፊት ሊቀርቡ ሲሉ ዘርፌ ዊልቸሩን አቁማ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

"በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ኩራትህን በር ላይ ተውልኝ።"

"እሺ" አላት።

ሰብሳቢው ፋይሉን ሲያገላብጡ ቆዩና አዘን ባለ ድምፅ ጠየቁት።

"ለመሆኑ የዚህን ሁሉ ክርክር ወጪ የሚችልልህ ማን ነው? እሷ ናት?"

ሁሉም የዘርፌን የተቀደደ ጫማ ተመለከቱ። ፊቱ ባንዴ ጋለ።

"እሷ ምን በወጣት!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "እኔ ራሴን የቻልኩ ሰው ነኝ!"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

"ጻፊ፤ አመልካቹ ራሱን መቻሉን በገዛ አንደበቱ ስላረጋገጠ አበል አያስፈልገውም።"

"ኧረ ጌታዬ፣ እንደሱ ማለቴ…" ሲል፣ ዘርፌ ዊልቸሩን ወደ በሩ እየገፋችው ነበር።