ዋግ የሚለየው ስልክ

የግብርና ባለሙያዋ የትናየት ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ካለው የጋሽ ቢሆነኝ የስንዴ ማሳ ገብታ ስልኳን ቅጠሉ ላይ ደገነች። ስልኩ የነጠብጣቡን ጥለት ከተጫኑበት የበሽታ ፎቶዎች ጋር አመሳስሎ፣ የገጠመለትን በቀይ ሳጥን ይከባል። «ቢጫ ዋግ፣ ዘጠና ከመቶ» ብሎ ጻፈ።

ሽማግሌው ጋሽ ቢሆነኝ አንድ ዛላ በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ አሉና ዘረጉላት። «እሸት አይታለፍም፤ እንች ቅመሽ፣ ልጄ።»

መዳፋቸው ላይ ላብና ቢጫ ዱቄት ተለውሷል። ግን የሽማግሌ እጅ እንዴት ይገፋል? ይሉኝታ ይዟት ሳታላምጥ ዋጠችው።

እሳቸውም የቀረውን ቃም አድርገው ፈገግ ሲሉ፣ ወደ እሳቸው የዞረው ስልኳ ድዳቸውን በቀይ ከበበ። «ቢጫ ዋግ፣ ዘጠና አምስት።»

«ምን አለ?»

«ዝም ብሎ ያመሳስላል እንጂ አያውቅም፣ ጋሼ። ዋግ ሰው አይዝም።»

አፏን ግን የሻገተ ዱቄት የላሰች ያህል ጎመዘዛት። ዞር ብላ ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችና ምላሷን አወጣች። ቢጫው ብናኝ ልክ እንደ ቅጠሉ በመስመር በመስመር ተሰልፎ በቅሏል። በጣቷ ጠረገችው፤ ከሥሩ ሌላ ወጣ።

«መቶ ከመቶ» አለ ስልኩ።

ጋሽ ቢሆነኝ ከኋላዋ ሌላ ዛላ እያሹ ነበር።

«ድገሚ እንጂ፣ ልጄ።»