የአባባ ኦቻን የልጅ ልጅ

ጠበቃው ለታዳጊ ክልል ተወላጆች የተፈቀደው የኮሌጅ መግቢያ ኮታ እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራክሯል። የልጁ ውጤት አዲስ አበባ ላይ ለሕክምና አልበቃ ሲል ግን ክርክሩን ተወና ልጁን ይዞ ቆላ ወረደ። በዚያ ባለው የሕክምና ኮሌጅ ለተወላጆች የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከአመልካቾቹ የሱ ልጅ አንደኛ፣ አንዲት ያገሬው ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ወጥተዋል። ለጠበቃው ልጅ የጎደለው ተወላጅነቱን የሚመሰክር ሽማግሌ ነበር።

ያገሬው ሽማግሌ አባባ ኦቻን ብዙ ሳይለመኑ እሺ አሉ። ጠበቃው በየዋህነታቸው ተገረመ።

«የልጄ ልጅ ነው፤ እኔው ቤት ነው ያደገው» አሉ የኮሌጁ ቅበላ ኮሚቴ ፊት፣ የልጁን ትከሻ አቅፈው። «ይኼ ደግሞ አማቼ ነው።»

ሰብሳቢዋ የሽማግሌውንና የልጁን ፊት ደጋግማ አየች። «እርግጠኛ ነዎት አባባ?»

«አፍንጫውን አታዪም እንዴ? የኔው እኮ ነው!»

ጠበቃው ሳቁን ዋጥ አድርጎ የቤተሰብነቱን ቅጽ ፈረመ፤ ልጁም ከሥሩ ፈረመ።

ሰብሳቢዋ መዝገቡን ገለጠች። «እንግዲያው ከዚህ ቤት ሁለት አመልካቾች አሉ ማለት ነው። ደንባችን ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ይላል። ሴት ካለች ቅድሚያው የሷ ነው።»

«ሁለተኛዋ ደግሞ ማን ናት?» አለ ጠበቃው።

አባባ ኦቻን በሩ ላይ የቆመችውን ቀጭን ልጅ በእጃቸው ጠሩና ወደ ልጁ ዞሩ።

«ና እንጂ የኔ ልጅ፣ የአጎትህን ልጅ አሪየትን እንኳን ደስ ያለሽ በላት።»